የዩቢኤስ የኢንቨስትመንት አስተዳደር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

«ገንዘቤ ባንክ ነው» የሚለው አነጋገር ሁለት በጣም የተለያዩ ነገሮችን አንድ ላይ ይሸፍናል። አንደኛው ደንበኛው ለባንኩ ገንዘቡን የሚያበድርበት ተቀማጭ ሒሳብ ነው። ሁለተኛው ባንኩ የደንበኛውን ገንዘብ ተቀብሎ አክሲዮን፣ ቦንድና ሌላ ንብረት እየገዛና እየሸጠ የሚያስተዳድርበት አገልግሎት ነው። በመጀመሪያው ደንበኛው አበዳሪ ነው፤ በሁለተኛው ግን ባለንብረት ነው። ስለ ዓለም አቀፍ ባንኮች የኢንቨስትመንት አስተዳደር የሚነሡ አብዛኞቹ ጥያቄዎች ከዚህ ልዩነት የሚመነጩ ስለሆኑ፣ ከዚህ በታች የስዊዘርላንዱን ዩቢኤስ እንደ ዋና ምሳሌ በመውሰድ እንመለከታቸዋለን። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዩቢኤስ ምን ዓይነት ባንክ ነው? የንብረት አስተዳደር ክፍሉስ ምን ይሠራል?

ዩቢኤስ ዋና መሥሪያ ቤቶቹ በዙሪክና በባዝል የሚገኙ ባንክ ሲሆን፣ የዛሬውን ቅርጹን የያዘው በ1998 የስዊዘርላንድ ኅብረት ባንክና የስዊስ ባንክ ኮርፖሬሽን ሲዋሐዱ ነው። ዋና ዋና የሥራ ክፍሎቹ አራት ናቸው። እነርሱም ባለሀብቶችን የሚያማክረው የሀብት አስተዳደር፣ በስዊዘርላንድ ውስጥ ለግለሰቦችና ለድርጅቶች የሚሰጠው የተለመደ የባንክ አገልግሎት፣ በገበያ ላይ የሚነግደውና ኩባንያዎችን የሚያማክረው የኢንቨስትመንት ባንክ፣ እንዲሁም ፈንዶችን፣ ማለትም የብዙ ደንበኞችን ገንዘብ በአንድነት ሰብስበው አክሲዮን፣ ቦንድና ሌላ ንብረት የሚገዙ ቋቶችን፣ የሚያቋቁመውና የሚመራው የንብረት አስተዳደር ክፍል ናቸው።

ብዙ ሰው የሚያምታታው የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ነው። በእኛው አገር ሥራ ብናመሳስለው፣ የንብረት አስተዳደሩ ጨርቁን የሚሸምነው ሸማኔ ሲሆን፣ የሀብት አስተዳደሩ ደግሞ የደንበኛውን ቁመትና ወርድ ለክቶ የሚሰፋለት ልብስ ሰፊ ነው። ሸማኔው ከደንበኛው ጋር ፊት ለፊት ላይገናኝ ይችላል። አብዛኞቹ ቀጥተኛ ደንበኞቹም የጡረታ ፈንዶች፣ የመድን ድርጅቶች፣ ሌሎች ባንኮችና የመንግሥት ተቋማት ናቸው። በ2024 መጨረሻ የንብረት አስተዳደር ክፍሉ የሚያስተዳድረው ገንዘብ ወደ 1.8 ትሪሊዮን የአሜሪካ ዶላር ደርሶ ነበር፤ የባንኩ ክፍሎች በሙሉ ለደንበኞቻቸው የያዙት ኢንቨስትመንት ደግሞ ከ6 ትሪሊዮን ዶላር በላይ ነበር።

ታዲያ ያ ሁሉ ገንዘብ የባንኩ ሀብት ነው ማለት ነው?

አይደለም። በዜና ላይ «እገሌ ባንክ ይህን ያህል ትሪሊዮን ያስተዳድራል» ሲባል ቁጥሩ የባንኩን ሀብት የሚያሳይ ይመስላል። ደንበኞች በፈንድ ያስገቡት ገንዘብ ግን በባንኩ የሒሳብ መዝገብ ላይ እንደ ባንኩ ንብረት አይቆጠርም። ባንኩ ከዚያ ገንዘብ የሚያገኘው የአገልግሎት ክፍያውን ብቻ ነው። አክሲዮኑ ሲወድቅም ሆነ ሲነሣ ኪሳራውና ትርፉ የደንበኛው ነው።

ተቀማጭ ሒሳብ ከዚህ ፈጽሞ ይለያል። ባንኩ ተቀማጩን እንደ ራሱ ገንዘብ ለሌላ ያበድረዋል፤ ለደንበኛው ያለበትም ዕዳ የብሩ መጠንና ወለዱ ነው። ስለዚህም መንግሥታት ለተቀማጭ ዋስትና አበጅተዋል፤ በስዊዘርላንድ ለአንድ ደንበኛ በአንድ ባንክ እስከ 100,000 ፍራንክ፣ በአሜሪካ ደግሞ እስከ 250,000 ዶላር ይሸፈናል። ይህ ዋስትና ፈንድን አይመለከትም። በአንድ ቅርንጫፍ፣ በአንድ ጠረጴዛ ላይ፣ በአንድ ሠራተኛ ፊት ሁለቱንም መፈረም ስለሚቻል፣ ደንበኛው የቱን እየፈረመ እንደሆነ በግልጽ ጠይቆ መረዳት አለበት። ይህን አንድ ጥያቄ ባለመጠየቅ ብቻ የተጎዱ ሰዎች ብዙ ናቸው።

ባንኩ ራሱ ቢወድቅ በፈንድ ያለው ገንዘቤ ምን ይሆናል?

ለዚህ ጥያቄ ሕጉን ከማንበብ ይልቅ በቅርቡ የሆነውን መመልከት ይሻላል። ማርች 19 ቀን 2023፣ በእሑድ ቀን፣ የስዊዘርላንድ መንግሥት ዩቢኤስ ተፎካካሪውን ክሬዲት ስዊስን በ3 ቢሊዮን ፍራንክ እንደሚገዛ አስታወቀ። ከ1856 ጀምሮ የቆየው ባንክ በጥቂት ቀናት ውስጥ ደንበኞቹ ተቀማጫቸውን እያወጡበት በእግሩ መቆም አቅቶት ነበር። የባንኩ ባለአክሲዮኖች ለ22.48 አክሲዮኖቻቸው አንድ የዩቢኤስ አክሲዮን ብቻ ደረሳቸው። 16 ቢሊዮን ፍራንክ ገደማ የሚሆኑና በችግር ጊዜ ሊሰረዙ የሚችሉ ልዩ ቦንዶችን የያዙት ደግሞ ቦንዶቻቸው ዋጋ አልባ እንዲሆኑ በተቆጣጣሪው ታዘዘ፤ ትእዛዙም ብዙ የፍርድ ቤት ክርክር አስነሥቷል።

በአንጻሩ በዚያው ባንክ የሚተዳደሩ የአክሲዮንና የቦንድ ፈንዶችን የገዙ ሰዎች ድርሻ ባንኩ በመውደቁ ብቻ አልጠፋም። ምክንያቱም በስዊዘርላንድም ሆነ በርካታ የአውሮፓ ፈንዶች በተመዘገቡባት በሉክሰምበርግ ሕግ መሠረት የፈንድ ንብረት ከአስተዳዳሪው ንብረት ተለይቶ ይቀመጣል። ንብረቱንም በአደራ የሚጠብቅ ባንክ ይሾማል፤ አስተዳዳሪው ቢከስር አበዳሪዎቹ በዚያ ንብረት ላይ እጃቸውን ሊያሳርፉ አይችሉም። አደራ የሚለው ቃላችን እዚህ ላይ ልክ በቦታው ነው፤ ባለአደራ የተቀበለውን ይጠብቃል እንጂ ለራሱ ዕዳ አይከፍልበትም። ሥርዓቱ የተሠራው ለዚህ ቀን ነበር፤ ቀኑ ሲመጣም ሠርቷል።

ይሁን እንጂ የክሬዲት ስዊስ ፈንድ ገዢዎች ገንዘባቸው ታግዶ አልነበረም?

ነበር። ይህ ግን ከባንኩ ውድቀት ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በሌላ ምክንያት የደረሰ ነው። ጉዳዩ ከዚህ ሁሉ ይበልጥ ትምህርት የሚሰጥ ስለመሰለኝ በዝርዝር አቀርበዋለሁ።

የክሬዲት ስዊስ የንብረት አስተዳደር ክፍል ግሪንሲል ካፒታል ከተባለ፣ ለአቅራቢዎች ክፍያቸውን አስቀድሞ ከሚያቀርብ የፋይናንስ ኩባንያ ጋር በመተባበር አራት ፈንዶችን ይመራ ነበር። ሐሳቡ ቀላልና ጥሩ ይመስላል። አንድ አቅራቢ ዕቃ ለትልቅ ኩባንያ ሸጦ ገንዘቡን ለመቀበል ሦስት ወር ይጠብቃል፤ ፈንዱ ደረሰኙን በትንሽ ቅናሽ ይገዛዋል፤ ከሦስት ወር በኋላም ኩባንያው ለፈንዱ ሙሉውን ይከፍላል። ብድሩ አጭር ነው፣ ከፋዩ ትልቅ ኩባንያ ነው፣ ከዚያም ላይ የመድን ሽፋን አለው ስለተባለ፣ ፈንዶቹ ተራፊ ገንዘብን ለጊዜው የማስቀመጫ ያህል አስተማማኝ ተደርገው ለባለሀብቶችና ለድርጅቶች ተሸጡ። በአንድ ወቅትም 10 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሰበሰቡ።

ውስጡ ሲታይ ግን ነገሩ ሌላ ነበር። ከደረሰኞቹ አንዳንዶቹ ለተሸጠ ዕቃ የተቆረጡ አልነበሩም፤ ወደፊት ይሸጥ ይሆናል ተብሎ ለታሰበ ንግድ የተዘጋጁ ነበሩ። ብድሩም በጥቂት ተበዳሪዎች ላይ ተከማችቶ ነበር፤ ከእነዚህም አንዱ የጂኤፍጂ አሊያንስ የብረታ ብረት ድርጅቶች ስብስብ ነው። የትኛው ደረሰኝ ይገዛ የሚለውን የሚመርጠው ራሱ ግሪንሲል ነበር። የመድን ሽፋኑ ሳይታደስ ሲቀር ክሬዲት ስዊስ ማርች 1 ቀን 2021 ፈንዶቹን አገደ፤ ግሪንሲልም በሳምንቱ ለኪሳራ አጣሪ ተላለፈ። የስዊዘርላንዱ ተቆጣጣሪ ፊንማ በፌብሩዋሪ 2023 ባወጣው ውሳኔ ባንኩ የቁጥጥር ግዴታዎቹን በከባድ ሁኔታ መጣሱን ገለጸ፤ ባንኩ በፈንዶቹ ላይ ለቀረቡለት ጥያቄዎች መልስ ለመስጠት ግሪንሲልን ራሱን ይጠይቅ እንደነበርም አሳወቀ። ሌባን ማን ሰረቀ ብሎ ከመጠየቅ ብዙ አይርቅም።

ክሬዲት ስዊስን የወረሰው ዩቢኤስ በጁን 2024 ለፈንዶቹ ባለድርሻዎች፣ እስከዚያ የተከፈላቸው ተቀናሽ ተደርጎ፣ ፈንዶቹ ሊታገዱ ጥቂት ቀናት ሲቀሩ ከነበራቸው ዋጋ 90 በመቶውን እንዲወስዱ ሐሳብ አቀረበ። ለዚህም ወደ 900 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ መጠባበቂያ ያዘ።

ከዚህ የሚወሰደው ነገር ግልጽ ነው። የንብረት መለያየት ሥርዓቱ ደንበኛውን ከባንኩ ኪሳራ ይጠብቀዋል፤ ፈንዱ ከገዛው መጥፎ ንብረት ግን አይጠብቀውም። ሌላም አለ። በየሳምንቱ ገንዘብ እንደሚመልስ ቃል የገባ ፈንድ የያዘው ንብረት በአንድ ሳምንት ውስጥ የማይሸጥ ከሆነ፣ ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ልውጣ ሲል በሩ ይዘጋል። ይህ በደረሰኝ ብቻ ሳይሆን ሕንፃ በሚገዙ ፈንዶች ላይም ደጋግሞ የታየ ነው።

ባንኩ የራሱን ፈንድ ሲሸጥልኝ ለእኔ ነው ወይስ ለራሱ የሚያስበው?

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ዘርፉም ለረጅም ጊዜ በበቂ ሁኔታ ያልመለሰው ነው። ሸማኔውና ልብስ ሰፊው አንድ ጌታ ካላቸው፣ ልብስ ሰፊው ከሌላው ሸማኔ የተሻለ ጨርቅ ቢያገኝ እንኳ የቤቱን ጨርቅ እንዲመርጥ ይገፋፋል። ለዓመታት የፈንድ አምራቾች ፈንዳቸውን ለሸጠላቸው ባንክ፣ ደንበኛው ከሚከፍለው ዓመታዊ ክፍያ ላይ ድርሻ ይመልሱለት ነበር፤ ደንበኛው ይህን ብዙ ጊዜ አያውቅም። የስዊዘርላንድ ፌደራል ፍርድ ቤት ኦክቶበር 30 ቀን 2012 ዩቢኤስ ተከሳሽ በሆነበት ጉዳይ ላይ፣ ባንኩ የደንበኛውን ገንዘብ በውክልና በሚያስተዳድርበት ጊዜ ይህ ተመላሽ ገንዘብ የደንበኛው ነው፣ ክፍያው ከባንኩ እኅት ኩባንያ ቢመጣም ያው ነው ሲል ወሰነ። በእኔ አመለካከት ውሳኔው በአውሮፓ የባንክ ታሪክ ውስጥ ለተራው ደንበኛ ከተሰጡት ጠቃሚ ፍርዶች አንዱ ነው። ብሪታንያም ከ2013 መጀመሪያ ጀምሮ ለአማካሪዎች ከፈንድ አምራቾች የሚከፈለውን ኮሚሽን በአዳዲስ ሽያጮች ላይ ከልክላለች።

የጥቅም ግጭት ሌላም መልክ አለው። በ2005 ዩቢኤስ በንብረት አስተዳደር ክፍሉ ሥር ዲሎን ሪድ ካፒታል ማኔጅመንት የተባለ ድርጅት አቋቋመ፤ ሥራውም በዋናነት የባንኩን የራሱን ገንዘብ ማንቀሳቀስ ነበር። በአሜሪካ የቤት ብድር ላይ በተመሠረቱ ሰነዶች ከስሮ በሜይ 2007 ተዘጋ፤ ይዞታውም ወደ ኢንቨስትመንት ባንኩ ተመለሰ። ዩቢኤስ በእነዚህ ሰነዶች ላይ በጠቅላላ የደረሰበት ኪሳራ እጅግ ከፍተኛ ስለነበር፣ በኦክቶበር 2008 መንግሥት 6 ቢሊዮን ፍራንክ ካፒታል ሰጠው፤ ብሔራዊ ባንኩም መርዛማ የተባሉትን ንብረቶች የሚረከብ ልዩ ፈንድ አቋቋመ። የሰውን አደራ በሚይዝ ቤት ውስጥ የራስን ገንዘብ በድፍረት ማንቀሳቀስ ለቤቱም ለባለአደራነቱም እንደማይበጅ ያሳየ አጋጣሚ ነበር።

ክፍያው ትንሽ መቶኛ ከሆነ ለምን ይህን ያህል ይወራለታል?

ክፍያው በየዓመቱ፣ ከትርፉ ሳይሆን ከጠቅላላው ገንዘብ ላይ ስለሚቆረጥ ነው። 10,000 ዶላር በዓመት 6 በመቶ እያደገ 30 ዓመት ይቆያል እንበል። በዓመት 0.2 በመቶ የሚያስከፍል ፈንድ ውስጥ ከሆነ በመጨረሻው ወደ 54,000 ዶላር ይደርሳል። 1.5 በመቶ በሚያስከፍል ፈንድ ውስጥ ግን 37,000 ገደማ ይሆናል። ንብረቱ አንድ ዓይነት፣ ዕድገቱ አንድ ዓይነት ሆኖ 17,000 ዶላር የሚጠጋ ልዩነት ተፈጠረ ማለት ነው። ከዚህ ላይ የመግቢያ ክፍያ፣ የአማካሪ ክፍያና ፈንዱ ሲገዛና ሲሸጥ የሚያወጣው ወጪ ሊጨመር ይችላል። ዩቢኤስ ራሱ ሁለቱንም ዓይነት ያቀርባል፦ ኢንዴክስን፣ ማለትም የገበያውን አጠቃላይ የዋጋ መለኪያ፣ እየተከተሉ በአነስተኛ ክፍያ የሚሠሩ ፈንዶችና በባለሙያ ምርጫ የሚመሩ ውድ ፈንዶች።

ባለሙያው ከገበያው የተሻለ ውጤት ካመጣ ውዱ አይሻልም?

ካመጣ ይሻላል። ችግሩ ማን እንደሚያመጣ አስቀድሞ ማወቁ ላይ ነው፤ ትክክል የሆነውም ሰው ትክክለኛነቱ እስኪታወቅለት ላይቆይ ይችላል። የዩቢኤስ ክፍል በነበረው በለንደኑ ፊሊፕስ ኤንድ ድሩ ውስጥ ቶኒ ዳይ የተባሉ የፈንድ መሪ በ1990ዎቹ አጋማሽ የአክሲዮን ዋጋ ከመጠን አልፏል ብለው አመኑ፤ የጡረታ ፈንዶችን ገንዘብም በብዛት ከአክሲዮን አውጥተው በጥሬ ገንዘብ ያዙ። ገበያው ግን ለዓመታት መውጣቱን ቀጠለ፤ ደንበኞች ጥለዋቸው ሄዱ። በ2000 መጀመሪያ ከሥራቸው ለቀቁ። በዚያው ሰሞን፣ ማርች 10፣ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች የሚበዙበት የአሜሪካው የናዝዳክ አክሲዮን ገበያ ኢንዴክስ ጣሪያው ላይ ደረሰ፤ በ2002 መገባደጃ ላይ ከዋጋው ሦስት አራተኛውን አጥቶ ነበር። የሰውዬው ሐሳብ ትክክል ነበር፤ የደንበኛ ትዕግሥት ግን አልበቃውም።

ወደ ዩቢኤስ ቤተሰብ በስዊስ ባንክ ኮርፖሬሽን በኩል የገባው የቺካጎው ጋሪ ብሪንሰን ደግሞ ከሌላ አቅጣጫ የመጣ ነው። ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር በ1986 ባሳተመው ጥናት የ91 ትልልቅ የአሜሪካ ጡረታ ፈንዶችን ውጤት መርምሮ፣ ከጊዜ ወደ ጊዜ ለሚታየው የውጤት መዋዠቅ 93.6 በመቶው ምክንያት በአክሲዮን፣ በቦንድና በጥሬ ገንዘብ መካከል ያለው የረጅም ጊዜ ድልድል መሆኑን አሳየ። ሻጮች ይህን ቁጥር ብዙ ጊዜ የትርፉ መጠን ምክንያት አድርገው ይጠቅሱታል፤ ጥናቱ ግን ስለ መዋዠቁ ነው። ቢሆንም ለተራው ሰው የሚሰጠው ምክር ጠቃሚ ነው፦ የትኛውን አክሲዮን ልግዛ ከማለት በፊት ምን ያህሉን በአክሲዮን፣ ምን ያህሉን በቦንድ ልያዝ የሚለው ይወሰን።

የአሜሪካ ዜጋ ወይም የግሪን ካርድ ባለቤት ነኝ፤ በአውሮፓ ወይም በዱባይ እኖራለሁ። እነዚህን ፈንዶች ልግዛ?

በጣም ይጠንቀቁ። የአሜሪካ ሕግ ከአሜሪካ ውጭ የተቋቋሙ ፈንዶችን በልዩ የግብር ሥርዓት ይይዛቸዋል። ከሉክሰምበርግ ወይም ከአየርላንድ ፈንድ የሚገኝ ትርፍ በአብዛኛው ባለፉት ዓመታት ላይ ተከፋፍሎ በከፍተኛው የግብር መጠን ይሰላል፤ የዘገየ ግብር ነው ተብሎም ወለድ ይታሰብበታል። በየፈንዱም 8621 የተባለውን ቅጽ መሙላት ሊያስፈልግ ይችላል። በሌላ በኩል የአውሮፓ ኅብረት ነዋሪ ከሆኑ ብዙ የአሜሪካ ፈንዶች ኅብረቱ ከ2018 ጀምሮ የሚጠይቀው የመረጃ ሰነድ ስለሌላቸው ለተራ ገዢ አይሸጡም። በሁለቱ መካከል የተያዙ ወገኖቻችን ጥቂት አይደሉም። ወደ አገር ቤት ለመመለስ ወይም ወደ ሌላ አገር ለመሄድ የሚያስቡ ሰዎችም ከመነሣታቸው በፊት የሁለቱንም አገር ግብር የሚያውቅ የሒሳብ ባለሙያ ማነጋገር አለባቸው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ሆኖ በዚህ መሳተፍ ይቻላል?

በውጭ ምንዛሪ ደንቡ ምክንያት አገር ውስጥ የሚኖር ሰው ብሩን መንዝሮ የውጭ ፈንድ በነፃነት መግዛት አይችልም። በአገር ውስጥ ግን መሠረቱ እየተጣለ ነው። የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248 በ2021 ወጥቷል፤ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያም በጃንዋሪ 2025 በአዲስ አበባ ተከፍቷል። አዋጁ ስለ ጋራ የኢንቨስትመንት ፈንዶች ይደነግጋል።

ከመፈረሜ በፊት ምን ምን ልጠይቅ?

በመጀመሪያ ሰነዱ ተቀማጭ ነው ወይስ የፈንድ ድርሻ? ፈንድ ከሆነ የት አገር ተመዘገበ፣ ንብረቱን በአደራ የሚጠብቀውስ የትኛው ባንክ ነው? ጠቅላላ ዓመታዊ ክፍያው ስንት ነው፣ ከዚያ ውስጥስ ለሚሸጥልኝ ሰው ወይም ባንክ የሚደርስ አለ? ገንዘቤን ልውሰድ ብል በስንት ቀን ይደርሰኛል፣ አስተዳዳሪው መውጫውን ሊያግድ የሚችለውስ በምን ሁኔታ ነው? ይህ የመጨረሻው ብዙ ጊዜ በረጅሙ ሰነድ መካከል ተሸሽጎ የሚገኝ ስለሆነ አንቀጹን እንዲያሳዩዎት ይጠይቁ። እያንዳንዱ ፈንድ 12 ፊደላትና አኃዞች ያሉት መለያ ቁጥር አለው፤ አንድ ፈንድ በተለያየ ክፍያ በበርካታ መደቦች ሊሸጥ ስለሚችልና እያንዳንዱ መደብ የራሱ ቁጥር ስላለው፣ በአማካሪው የተነገረዎት ቁጥርና በውሉ ላይ የተጻፈው ቁጥር አንድ መሆኑን ፊደል በፊደል ያመሳክሩ።